ሞኬት የለበሰ አሮጌ ደረጃን ወደ እንጨት መመለስ፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሐዋሳ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ገዝተን ከገባን ስድስት ወር ሆነን። ደረጃው ከላይ እስከ ታች ቡናማ ሞኬት ለብሷል። አርጅቷል፣ አቧራው አያልቅም፣ ልጄ ደግሞ አስም አለበት። ከላይ ባሉት ሁለት ደረጃዎች ጫፉን ገልጠን ስናይ ከሥሩ እንጨት አለ። ሞኬቱን ነቅለን፣ በግሪንደር አሳሽተን ቫርኒሽ ብንቀባው በሁለት ቀን ያልቃል ብለን ነበር። አንድ አናጢ ግን እላዩ ላይ 12 ሚሊ ላሜኔት ቢለብስ ይሻላል፣ ፈጣን ነው አለን። የቱን እናድርግ? ስንት ቫርኒሽ ይበቃል? ደረጃው 18 ነው፣ ወርዱ አንድ ሜትር፣ መሀሉ ላይ ማረፊያ አለው። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷን ያማታል።»

ምላሽ፦

በሁለት ቀን አያልቅም። ደረጃው እውነትም ሙሉ እንጨት ከሆነ ከ8 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ሲሶው ሥራ ሳይሆን እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። ግሪንደሩን ይተዉት። ላሜኔቱ ፈጣን መሆኑ እውነት ነው፤ መሻሉ ግን የሚታወቀው ከተለካ በኋላ ነው። ከሁሉ በፊት ጥያቄዎ ውስጥ እንዳለቀለት ነገር የተቀመጠ፣ ገና ያልተረጋገጠ ጉዳይ አለ፦ እንጨቱ ራሱ።

ሁለት ደረጃ ላይ ጫፉን ገልጦ እንጨት ማየት ደረጃው እንጨት ነው ማለት አይደለም። ባለ ፎቅ መኖሪያ ቤቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ ደረጃቸው ፌሮ የገባበት ኮንክሪት ነው። ሚስማር ኮንክሪት ላይ እሺ ስለማይል፣ ሞኬት ሊለብስ የታሰበ ደረጃ የፊት ጠርዙ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ስፋት ያለው እንጨት ይቀበርለትና ሞኬቱ እሱ ላይ ይመታል። እናንተ ያያችሁት ያ ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ የተበላሸ ኮንክሪት ደረጃን በቺፑድ (በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ወይም በኮምፐንሳቶ ሸፍኖ ሞኬት ማልበስ። ቺፑድ ታሽቶ ቫርኒሽ ቢቀባ የሚያምር ነገር አይወጣውም፤ መጣል ብቻ ነው ዕጣው።

ማጣራቱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ከደረጃው ሥር ዕቃ ማስቀመጫ ካለ ገብተው ቀና ይበሉ። የተለሰነ ዘንበል ያለ ጣሪያ ከታየ ኮንክሪት የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ የጣውላ ጀርባ፣ ሽብልቅና የሚስማር ጫፍ ከታየ እንጨት ነው። ሥሩ ከተዘጋ ሞኬቱን በሦስት ቦታ ይግለጡ፦ የታችኛው ደረጃ፣ ማረፊያው፣ ከመሀል አንዱ። የሚገለጠው ከፊት ጠርዝ ሳይሆን ግድግዳና ቀጥ ብሎ የቆመው የደረጃው ፊት ከሚገናኙበት ከኋላ ጥግ ነው። እዚያ ላይ በ3 ሚሊ ድሪል አንድ ቀዳዳ ይብሱ። ግራጫ ዱቄት ከወጣ ኮንክሪት ነው። ፍርፍር ያለ፣ መሥመር የሌለው ብናኝ ከሆነ ቺፑድ ነው። የተጠቀለለ ቀጭን ፍቅፋቂ ከወጣ ደስ ይበላችሁ፤ ቀጥሎ የምለው ሁሉ ለእናንተ ነው። ኮንክሪት ለሆነባችሁ ከታች እመለስበታለሁ።

እንጨት ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ መታሸት ይችላል ወይ ነው። እግር የሚያርፍበትን አግድም ጣውላ መርገጫ፣ በሁለት መርገጫዎች መካከል ቀጥ ብሎ የቆመውን ግንባር እያልኩ ልቀጥል። የመርገጫውን ውፍረት ከፊት ጠርዙ ይለኩ። ሙሉ ማሸት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ይበላል። 30 ሚሊና ከዚያ በላይ ያለው መርገጫ ይህን አይቆጥረውም። ከ22 ሚሊ ያነሰና ሲረግጡት መሀሉ የሚረግብ ከሆነ ግን ማሳሳት የለብዎትም፤ ከሥሩ ደጋፊ ሞራሌ ገብቶለት ወይም ተለውጦ ነው ሥራው የሚጀመረው።

ከዚያ ተባይ። በስምጥ ሸለቆው ከተሞች የምስጥ ነገር ቀላል አይደለም፤ መንገዱም ከታች ነው። የመጀመሪያውን ደረጃ፣ የጎን ተሸካሚዎቹ (መርገጫዎቹን በግራና በቀኝ የያዙት ሰያፍ ጣውላዎች) ወለሉን የሚነኩበትን ጫፍና ግድግዳ የታከከውን ጎን በካቻቢቴ ሹል ጫፍ ይውጉ። ጤነኛ እንጨት ይገፋል፤ የተበላው ሹልክ ብሎ ይገባል። ከ1 እስከ 2 ሚሊ የሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ከሥራቸው ዱቄት የመሰለ ብናኝ ካዩ ነቀዝ ነው። አንድ ሁለት መርገጫ ከሆነ ይለወጣል። የጎን ተሸካሚው ራሱ ከተበላ ግን ስለ ቫርኒሽ ማውራታችንን እናቁም፤ ያ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ አናጢ ጠርቶ ደረጃውን ማሳደስ ይቀድማል። የታችኛው ደረጃ ከተባይ ውጭም የሚበሰብስበት ምክንያት አለው፦ ለዓመታት ወለሉ ሲወለወል ውሃው በተሸካሚው እግር ወደ ላይ ይሳባል፣ ሞኬቱም እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል።

የእንጨቱ ዓይነትም ሥራውን ይለውጠዋል። ዋንዛ ወርቅማ ቡናማ ነው፣ ለመሥራት ይመቻል፣ ነገር ግን ቀላል እንጨት ስለሆነ ሹል ተረከዝ ይጎደጉደዋል። ጽድ ቀላ ያለ ነው፣ ሲታሽ ሽታው ቤቱን ይሞላዋል። ያ ሽታ ዘይት ነው፤ ዘይት ነክ ቫርኒሽ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጽድ ከሆነ መጀመሪያ ሸላክ የሚባለው በአልኮል የሚሟሟ ቅብ አንድ እጅ ይቀባል። ዝግባ ገርጣ ያለ፣ መሥመሩ ብዙም የማይታይ ነው፤ ጥቁር ማቅለሚያ ከተቀባ አንዱ ቦታ ይመጠዋል፣ ሌላው አይመጠውም፣ እንደ ለምጽ ይዥጎረጎራል፤ በተፈጥሮ መልኩ መተው ይሻላል። ባሕር ዛፍ ከባድና ጠንካራ ነው፤ መሰንጠቅ ግን ይወዳል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ጽድና ዝግባ ስማቸው ተጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ተከልክለው ነበር። አሮጌ ደረጃ ላይ ያለ፣ ለዓመታት የደረቀ 30 ሚሊ ዋንዛ ዛሬ ገበያ ወጥቶ በቀላሉ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። በላሜኔት ሥር መቅበር ያስቆጫል።

ላሜኔቱን የምቃወመው ግን ለእንጨቱ ስለሳሳሁ ብቻ አይደለም። የደረጃ ከፍታ ጉዳይ አለ። ሰው ደረጃ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ይመለከታል፤ ከዚያ እግሩ ልኩን ይዞ ዓይኑ ወደ ሌላ ይሄዳል። አንዱ ደረጃ ከሌላው ሲለይ መደናቀፍ የሚመጣው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት የግንባታ ኮድ በአንድ ደረጃ ላይ በትልቁና በትንሹ ከፍታ መካከል ከ9.5 ሚሊ በላይ ልዩነት አይፈቅድም፤ እዚህ ማንም ባይጠይቃችሁም ጉልበት የሚያማቸው እናት ያሉበት ቤት ይህን ልክ ቢይዝ ጥሩ ነው። አሁን ስሌቱን እንየው። በሁሉም መርገጫ ላይ 12 ሚሊ ቢጨመር የመሀሎቹ ከፍታ አይለወጥም፣ ሁሉም እኩል ስለሚነሣ። የምድሩ ወለል ግን አልተነሣም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ 12 ሚሊ ይረዝማል። የላይኛው ፎቅ ወለልም አልተነሣም፤ የመጨረሻው 12 ሚሊ ያጥራል። በሁለቱ መካከል 24 ሚሊ ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ግን ደረጃው ያለ ሞኬት እኩል ሆኖ ከተሠራ ነው። ሲሠራ ጀምሮ ሞኬት ታስቦለት ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ 10 ሚሊ ሞኬት መንቀል ብቻውን የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ያሳጥራል፣ የመጨረሻውን 10 ሚሊ ያስረዝማል። ስለዚህ በግምት አትሂዱ። ሞኬቱ ከተነሣ በኋላ 18ቱንም ከፍታ ከጠንካራ ገጽ እስከ ጠንካራ ገጽ ለክታችሁ በወረቀት ጻፉ። እንጨት ሆኖ የተሠራ ደረጃ ያለ ሞኬት እኩል መሆኑ የተለመደ ነው፤ ሞኬቱ ኋላ የመጣ ስለሆነ።

ላሜኔት ሌላም ችግር አለው። ላዩ እንጨት የሚመስል የታተመ ወረቀት ነው፣ ሆዱ የተጨመቀ ብናኝ። ወለል ላይ ሲነጠፍ ሳይጣበቅ ይንሳፈፋል፤ ደረጃ ላይ መንሳፈፍ የለበትም፣ ሙሉ በሙሉ መጣበቅ አለበት። የፊት ጠርዙ ሆዱን ስለሚያሳይ የአሉሚኒየም ጠርዝ ይታሰርበታል፤ በብዛት የሚላቀቀውም እሱ ነው፤ ሲላቀቅ ደግሞ እግር የሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው። ውሃ ሲገባው ያብጣል፣ ካረጀ እንደገና አይታሽም። ስለዚህ ቁርጡን ልናገር፦ መርገጫው ጤነኛ እንጨት ከሆነ ነቅላችሁ፣ አሽታችሁ፣ ባለ አንድ ቆርቆሮ (ማጠንከሪያ የማይቀላቀልበት) ፖሊዩረቴን ቫርኒሽ ሦስት እጅ ቀቡት። ላሜኔት አታልብሱ።

ወደ ሥራው። ሞኬቱ በሚነሣበት ቀን ልጁ ቤት ውስጥ አይኑር፤ የዓመታት አቧራ የሚነሣው በአንድ ቀን ነው። ሞኬቱን በመርጫ ጠርሙስ ውሃ እርጥብ አድርጉት፤ ማራስ ሳይሆን አቧራው እንዳይበን ያህል። ከላይ ጀምራችሁ በካተር ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ስፋት እየቆረጣችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ እየጠቀለላችሁ በጆንያ አውጡ። ሚስማርና ስቴፕሉን በፒንሳ አንድ በአንድ ንቀሉ። የማይነቀለውን በሚስማር መምቻ ከእንጨቱ ገጽ 3 ሚሊ ወደ ውስጥ አስገቡት። አንድ የተረሳ ሚስማር የማሽኑን ወረቀት ይተረትራል፣ ብልጭታም ያወጣል፤ ብልጭታና የእንጨት ብናኝ ደግሞ አይዋደዱም። ጨለማ ሲሆን ባትሪ አጋድማችሁ ገጹን ብታበሩበት የቀረው ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያችኋል።

ማጣበቂያው ብዙ ጊዜ ማስቲሽ ነው፤ ጊዜ የሚበላውም እሱ ነው። በማሽን ለማሸት አትሞክሩ፤ ሲሞቅ ይቀልጥና ወረቀቱን በደቂቃ ይደፍነዋል። መጀመሪያ በስፓቱላ በደረቁ ፋቁ። የቀረውን በሙቅ አየር ማሽን ወይም በጨርቅ ላይ በተደረገ የልብስ ካውያ አለስልሳችሁ ፋቁ። የመጨረሻው ስስ ሽፋን ብቻ በቲነር የራሰ ጨርቅ ይነሣል። ቲነር በሚሠራበት ሰዓት መስኮቶች ሁሉ ይከፈቱ፤ ሙቅ አየሩ ማሽን ከዚያ በፊት ጠፍቶ ይቀዝቅዝ፤ ታች ቡና አይፈላ፣ ከሰል አይያያዝ፣ ዕጣን አይጨስ። የቲነር ተን ከአየር ይከብዳል፤ ደረጃውን ተከትሎ ወርዶ ምድጃው ያለበት ይደርሳል። ማጣበቂያው ጥቁር፣ አስፋልት የመሰለና የሚሰባበር ከሆነ ደግሞ አታሹት፤ በአሮጌ ቤት እንዲህ ያለው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል እርጥብ አድርጎ መፋቅ ወይም እንዳለ መሸፈን ነው። ግንባሮቹ ላይ አሮጌ የዘይት ቀለም ካለም በደረቁ አይታሽ። አገራችን በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ በደንብ የገደበችው እንደ ፈረንጆች በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ሊድ ሊኖርበት ይችላል፤ ሊድ የልጅ አእምሮ ይጎዳል። እርጥብ እያደረጉ በእጅ ማሸት ወይም ሳይነኩ በላዩ መቀባት ይሻላል።

ደረጃው ሲጥ ሲጥ ይላል? አሁን ነው የሚስተካከለው፤ ቫርኒሽ ከተቀባ በኋላ አይደለም። ድምፁ የሚመጣው መርገጫውና ግንባሩ ሲፋተጉ ነው። ከሥር መግባት ከተቻለ ቀጭን ሽብልቅ ኮላ ተቀብቶ ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ አይመታ፣ ይገፋ፤ ከተመታ ክፍተቱን ያሰፋዋል። ከላይ ብቻ ከሆነ የሚደረሰው፣ መርገጫውን ከግንባሩ ጋር የሚያስር 4 በ50 ቪቴ በየ25 ሴንቲው ይግባ፤ አስቀድሞ በ3 ሚሊ መሪ ቀዳዳ ይበሳለት፣ ራሱ 8 ሚሊ ወደ ውስጥ ይስጠም፣ ላዩ ከዚያው እንጨት በተሠራ ቡሽ ይዘጋ። የቡሹ መሥመር ከመርገጫው መሥመር ጋር አንድ ይሁን።

ለሚስማር ቀዳዳ አናጢዎች የሚወዱት ሰጋቱራና ነጭ ኮላ መለወስ ነው። ለማይታይ ቦታ ችግር የለውም። ለቫርኒሽ ግን ኮላው እንጨቱ እንደሚመጠው አይመጥም፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። በአንድ መርገጫ 20 ቀዳዳ ቢኖር 16 መርገጫ ላይ 320 ጥቁር ነጥብ ነው። ይልቅ በ120 ቁጥር ወረቀት ከዚያው እንጨት የወጣውን ደቃቅ ብናኝ በቫርኒሹ ለውሳችሁ ሙሉት፤ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ትንሽ ከፍ አድርጉት።

ግሪንደር ላይ ደረስን። ባለ ክብ ወረቀት ግሪንደር በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ጠርዙ እንጨቱን በነካ ቁጥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ጭረት ይተዋል። በደረቅ እንጨት ላይ አይታይም። የመጀመሪያው እጅ ቫርኒሽ ሲነካው ሁሉም ብቅ ይላል፤ ያኔ እንደገና መፋቅ ነው። ኦርቢታል የሚባለውን የእጅ ማሻ ማሽን ተከራዩ፤ ለጥጎቹ ሹል ስፓቱላና ወረቀት የተጠቀለለበት ቁራጭ እንጨት ይበቃል። ቅደም ተከተሉ 60፣ 80፣ 120 ቁጥር ነው፤ በጣም ለሻከረ ገጽ ብቻ ከ40 ይጀመራል። ቁጥር መዝለል ጊዜ ይቆጥባል የሚመስለው ሰው ተሳስቷል፤ የ60ውን ጭረት 120 አያወጣውም። የሚሠራ ዘዴ ልንገራችሁ፦ በየቁጥሩ ከመጀመራችሁ በፊት መርገጫውን በእርሳስ አቋርጣችሁ ሞነጫጭሩት፤ እርሳሱ እኩል ሲጠፋ ወደሚቀጥለው ቁጥር እለፉ። ከ150 በላይ አትሂዱ፤ እንደ መስታወት የለሰለሰ እንጨት ቫርኒሽ አይዝም። የፊት ጠርዙን በ3 ሚሊ ያህል አደብዝዙት፤ ሹል ጠርዝ ላይ ቫርኒሽ ይሸሻል፣ ቀድሞ የሚላጠውም እዚያ ነው። የእንጨት ብናኝ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ለሰው ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመደበ ነው፤ የጨርቅ ማስክ ሳይሆን ማጣሪያ ያለው ይደረግ።

ቫርኒሹን ለማስላት። 18 ከፍታና መሀል ማረፊያ ካለ መርገጫው 16 ነው፤ 17ኛው ማረፊያው፣ 18ኛው የፎቁ ወለል ስለሆኑ። አንዱ መርገጫ ከጠርዙ ጋር 31 ሴንቲ ጥልቀት ቢኖረው 16ቱ 5 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። 18ቱ ግንባሮች በ17 ሴንቲ ከፍታ 3 ካሬ፣ ማረፊያው 2 ካሬ፤ ድምሩ 10 ካሬ ሜትር። አንድ ሊትር ቫርኒሽ ለአንድ እጅ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሦስት እጅ ማለት 3 ሊትር ነው። ባለ 4 ሊትር ጋሎን አንዱ ይበቃል፣ ይተርፋልም። የጋሎን ልክ ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ሊትር አንብቡ። ግንባሮቹ ነጭ ቀለም የሚቀቡ ከሆነ ቫርኒሹ ወደ 2 ሊትር ገደማ ይወርዳል፤ ነጭ ግንባር ግን የጫማ ጫፍ መዝገብ ነው፣ ክረምት ላይ ሐዋሳ ጭቃ ሲሆን ታዩታላችሁ።

ዓይነቱ ላይ ጥንቃቄ ይደረግ። የቤት ዕቃ ቤቶች በኮምፕረሰር የሚረጩት ኒትሮ ቫርኒሽ በግማሽ ሰዓት ይደርቃል፣ ያንጸባርቃል፤ ለቁም ሣጥን ጥሩ ነው፣ እግር ለሚረግጠው ግን ቀጭንና ተሰባሪ ነው። ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት የሚረጨው ባለ ሁለት ቆርቆሮ ፖሊዩረቴን ከሁሉ ይጠነክራል፤ ማጠንከሪያው ግን አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር አለው፣ እሱም አስም ከሚያስነሡት አንዱ ነው። አስም ያለበት ልጅ በሚኖርበት ቤት አልመክረውም። ባለ አንድ ቆርቆሮ፣ አንጸባራቂነቱ ለስለስ ያለ ወይም ማት የሆነ፣ በብሩሽ የሚቀባ ይግዙ። በውሃ የሚቀጥነው ከተገኘ ሽታው ያንሳል። ዘይት ነክ ከሆነ ግን ልጁ ቅቡ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ዘመድ ቤት ይቆይ።

ቆርቆሮውን አትናጡ፣ አረፋ ይፈጥራል፤ በእንጨት እስከ ሥሩ አማስሉት፣ የሚያደበዝዘው ዱቄት ከታች ይቀመጣልና። የመጀመሪያው እጅ በቆርቆሮው ላይ በተጻፈው ማቅጠኛ ብቻ 10 በመቶ ይቅጠን፤ ለኒትሮ የተሠራ ቲነር ቢጨመርበት ሊቋጥር ይችላል። ከላይ ወደ ታች፣ በየደረጃው ግንባሩ ቀድሞ መርገጫው ተከትሎ ይቀባል። በየእጁ መካከል 24 ሰዓት ይጠበቅ፣ በ220 ቁጥር ለስለስ ብሎ ይታሽ፣ ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይነሣ። አንድ መርገጫ እየዘለሉ መቀባትና በሌላው መራመድ የሚመክሩ አሉ፤ 34 ሴንቲ በአንድ እርምጃ መውጣት ስለሚሆን እናትዎ ባሉበት ቤት አይሞከር። ሳምንቱን ታች ይደሩ። የዘይት ቫርኒሽ የነካ ጨርቅ ደግሞ ተጨምድዶ በቅርጫት አይጣል፤ ሲደርቅ ራሱን አሙቆ በራሱ ይያያዛል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት ወይም ውሃ ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ንከሩት።

ወቅቱም ይታሰብበት። ከሰኔ እስከ መስከረም የሐዋሳ አየር እርጥብ ነው፣ 24 ሰዓት ያልነው ወደ 48 ሊሄድ ይችላል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ይመረጣል። ጠዋት 3 ሰዓት ጀምራችሁ ከቀትር በፊት ጨርሱ፤ ሲመሽ መብራት ከበራና መስኮት ከተከፈተ ከሐይቁ የሚመጣው ትንኝ እርጥቡ ቫርኒሽ ላይ ያድራል። አዳማ ላላችሁ አንባቢዎች ጠላታችሁ ትንኝ ሳይሆን ነፋሱ ነው፤ በነፋሱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግታችሁ በተቃራኒው በኩል ያለውን ክፈቱ።

ድሪሉ ግራጫ ዱቄት ካወጣ ሁሉም ነገር ይለወጣል። እዚያ ላይ ማሸት የለም፣ ማልበስ ነው፤ የአናጢው 12 ሚሊም ያኔ ትርጉም ያገኛል። ሞኬቱ 10 ሚሊ ከነበረና ከፍታዎቹ ከእሱ ጋር እኩል ከነበሩ፣ 30 ሚሊ ጣውላ ብታለብሱ የመጀመሪያው ደረጃ 2 ሴንቲ ይረዝማል፣ የመጨረሻው 2 ሴንቲ ያጥራል። ስለዚህ ከሞኬቱ ውፍረት ጋር የሚቀራረብ፣ ከ10 እስከ 14 ሚሊ የሆነ የእንጨት ፓርኬት ሙሉ በሙሉ ይጣበቅ፤ የፊት ጠርዙ ከአንድ ወጥ እንጨት ተሠርቶ በ8 ሚሊ ፊሸር (ኮንክሪቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ የፕላስቲክ መያዣ) እና በቪቴ ይታሰር። ማጣበቂያው የሚለጠጥ ፖሊዩረቴን ይሁን። ነጭ ኮላ ኮንክሪት ላይ አይሠራም፤ ውሃው እንጨቱን ያሳብጣል፣ ሲደርቅም ድርቅ ብሎ ይሰነጠቃል። እንጨቱ ከመለበሱ በፊት ሁለት ሳምንት ቤቱ ውስጥ በመሀሉ አየር እንዲገባ ተደርጎ ይደርደር። ስፋቱ 28 ሴንቲ የሆነ አንድ ወጥ ጣውላ እርጥበቱ በ4 በመቶ ቢለወጥ እንደ ዓይነቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ይጠባል ወይም ይሰፋል፤ ስለዚህ ከኋላ በኩል 3 ሚሊ ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ (ጠርዝ በሚሸፍን ቀጭን ጣውላ) ይሸፈናል። ምድር ላይ የተቀመጠው የታችኛው ደረጃ እርጥበት እንዳለው ለማየት 45 በ45 ሴንቲ ላስቲክ አራቱን ጎን በፕላስተር አሽጉበትና አንድ ቀን አሳድሩት። ሲነሣ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ከጠቆረ እዚያ ደረጃ ላይ እንጨት አታልብሱ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሴራሚክ ቢሆን ነውር የለበትም።

እንጨትም ሆነ የለበሰ፣ ሞኬት የነበረው ደረጃ ካሁን በኋላ ያንሸራትታል። በካልሲ ደግሞ ይብሳል። በመጨረሻው እጅ ላይ ከፊት ጠርዙ 6 ሴንቲ ያህል ቦታ ላይ ደቃቅ የማያንሸራትት ብናኝ ከቫርኒሹ ጋር ይቀላቀል፤ ካልተገኘ 25 ሚሊ ስፋት ያለው ሻካራ ተለጣፊ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ወደ ኋላ ይለጠፍ። ቀለሙ ከእንጨቱ የተለየ ይሁን፤ እናትዎ ሲወርዱ ዓይናቸው የሚፈልገው የጠርዙን መሥመር ነው። መደገፊያው ከመርገጫው ጠርዝ ወደ 90 ሴንቲ ከፍታ ላይ ካልሆነና ሲጨብጡት ከተነቃነቀ ከቫርኒሹ በፊት እሱ ይጠገን። በባዶ እግር ከሦስተኛው እጅ 24 ሰዓት በኋላ፣ በጫማ ከሳምንት በኋላ ይረገጣል።

የወለል ሰም አይቀባበት። ያንሸራትታል፤ ኋላ ቫርኒሽ ሊደገም ሲፈለግም አያስይዝም፣ እስከ እንጨቱ ድረስ ማሸት ያስፈልጋል። በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መወልወል ይበቃል። ከዓመታት በኋላ የመርገጫው መሀል መልኩ ሲፈዝ፣ እንጨቱ ገና ሳይገለጥ፣ በ220 አሽታችሁ አንድ እጅ ድገሙት። ለዚያ የሚሆነውን ከጋሎኑ የተረፈ ቫርኒሽ እስከ አፉ በሞላ ትንሽ ጠርሙስ አስቀምጡት፤ ግማሽ በሆነ ቆርቆሮ ውስጥ ከቆየ አየር ያገኘውና ላዩ ቆዳ ያወጣል።